ማን ሠዋው?
የጦርነት ፊልም ስናይ ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ

በዚህ እትም ስለ ጦርነት ፊልም እንነጋገራለን፤ መነሻችን ግን አንድ ቃል ነው። ወታደር በጦር ሜዳ ሲወድቅ «ሞተ» ብለን አናልፍም፤ «ለሀገሩ ተሠዋ» እንላለን። መሠዊያንና መሥዋዕትን የሚያስታውስ ክቡር ቃል ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ሁለት ነገር ይዟል። ሰውየው ራሱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠው ማለትም ሊሆን ይችላል። ቃሉ የተሠዋውን እንጂ የሠዋውን አይነግረንም። አብርሃም በሞሪያ ተራራ ያገኘው በግ ተሠዋ፤ ፈቃዱን የጠየቀው ግን የለም።

የጦርነት ፊልም የሚመዘነው በዚህ ይመስለኛል። ጥሩው ፊልም «ማን ሠዋው?» ብሎ ይጠይቃል። ደካማው ጥያቄውን በሙዚቃና በባንዲራ ይሸፍንብናል። እኛ የምናመልከው ጌታ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ስለ ሰጠ፣ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ መለየት ይገባናል።

ፊልም የምታዩ መሆናችሁን አውቃለሁ። እዚህ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያደጉ ወላጆቻችሁ ወደ መርካቶ ወጣ ብለው በሲኒማ ራስ ወረፋ ይይዙ ነበር፤ እናንተ በስልካችሁ ታያላችሁ። በቅዳሜ ፕሮግራማችን «ምን እንይ?» ስላችሁም ብዙ ጊዜ የምትመርጡት የጦርነት ፊልም ነው። አልቃወምም። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው ከራሱ የሚበልጥ ነገር ይፈልጋል፤ የሚኖርለትን፣ ካስፈለገም የሚሞትለትን። ይህ ረሃብ ኃጢአት አይደለም። በዚሁ ሰፈር በየቀኑ ስሙን የምትጠሩት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ስያሜው ይህን ያስታውሳል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ዕጩ መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ» የሚባል የአርበኞች ማኅበር አቋቁመው ነበር። ብዙዎቹ በእናንተ ዕድሜ አካባቢ ያሉ ነበሩ። ሀገር ያልፈጠረችው፣ ሰው ያላዘዘው ፈቃድ በውስጣቸው ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ «የጦርነት ፊልም እንይ ወይስ አንይ?» አይደለም። «ስናይ ምን እንጠይቅ?» ነው። ሦስት ፊልሞችን ላንሣ፤ ሁለቱ የራሳችን ናቸው።

የመጀመሪያው የኃይሌ ገሪማ «አድዋ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለሆነው ድል ፊልም ይሠራል ሲባል ሰው የሚጠብቀው በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛና የመድፍ ጭስ ነው። ኃይሌ ይህን አልመረጠም። ታሪኩን በአረጋውያን አፍ፣ በዜማ፣ በተራሮቹና በድሮ ሥዕሎች አስነገረው። ስታዩት መጀመሪያ የዘገየ ሊመስላችሁ ይችላል። ቆይታችሁ ስታስቡት ግን ዳይሬክተሩ ምን እንዳደረገ ይገባችኋል፤ ድሉን ከንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን አውጥቶ ለተራው ሰው መልሶ ሰጥቶታል። የሚናገሩት ሽማግሌዎች «አያቴ ሄደ» ሲሉ የሄደ ሰው ስም ያለው ሰው ሆኖ ይታያል።

በአድዋ መሥዋዕትነት ውስጥ ፈቃድም ግዳጅም እንደነበረ መካድ አያስፈልግም። የዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ጉልበት ያለውን በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለውን በሐዘኑ እንዲረዳ የሚለምን ነው፤ በዚያው አዋጅ ወስልቶ ለሚቀረው ግን ዛቻም አለበት። ቢሆንም ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ ሕዝቡን ልከው ቤተ መንግሥት አልቀሩም፤ አብረው ዘመቱ። የሠዋው ራሱም ወደ መሠዊያው ሲቀርብ ነገሩ ይለያል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

በፊልሙ ውስጥ በምታዩአቸው ዓይነት የአድዋ ሥዕሎች ላይ አንድ ሌላ ነገር አስተውሉ። በሀገራችን የድሮ ሥዕል ልማድ ቅዱሳንና የወገን ሰዎች ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎችና ጠላቶች በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። በአድዋ ሥዕሎችም የኢትዮጵያ ሠራዊት ሁለት ዓይን አለው፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ያግዘዋል። የጣሊያን ወታደር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይን ነው። ሠዓሊዎቹን አልወቅስም፤ ተወርረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ይህ የሥዕል ልማድ ለማንኛውም የጦርነት ፊልም የሚሆን መለኪያ ይሰጠናል። ካሜራው ሁለት ዓይን የሰጠው ለማን ነው? በጎን ያስቀረውስ ማንን ነው?

ሁለተኛው ፊልም የዚሁ ዳይሬክተር «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን ተቀበለ፤ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ይህን የምነግራችሁ የፊልሙ ታሪክም ሄዶ የተመለሰ ሰው ታሪክ ስለሆነ ነው።

አሮን አረፈ የሚጫወተው አንበርብር በጀርመን ተምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ነው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አንድ እግሩን አጥቶ በጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። እናቱ በዕልልታ ትቀበለዋለች። እሱ ግን በገዛ ቀዬው እንግዳ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ይቃዣል። ቀስ በቀስ ያለፈውን እናያለን። በጀርመን በስሜት ስለ አብዮት ይከራከሩ የነበሩ ተማሪዎችን፣ ወደ ሀገሩ ተመልሶ አብዮቱን ያገለገለውን፣ በመጨረሻም በዚያው በአብዮቱ ስም በአዲስ አበባ የተገደለውን ጓደኛውን ተስፋዬን። እግሩንም ያጣው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በጀርመን በዘረኞች ጥቃት ነው።

ከመንደሩ አጠገብ ሰዎች የሙሶሊኒ ተራራ የሚሉት ቦታ አለ። አባቶች ከጣሊያን ጋር የተዋጉበትን ዘመን የሚያስታውስ ሐውልት አለበት፤ ልጆች ይጫወቱበታል። በዚያው መንደር ወንዶች ልጆች በዋሻ ይደበቃሉ። የሚደበቁት ከጣሊያን አይደለም። ለጦርነት ሊያፍሷቸው ከሚመጡ የገዛ ሀገራቸው ወታደሮች ነው። አባቶች ለባዕድ አንገዛም ብለው በወጡበት ምድር ልጆች ከወገን ይሸሸጋሉ። የ«ጤዛ» ትልቁ ሥራ ሁለቱን በአንድ መንደር ማኖሩ ነው። ሁለቱም ትውልድ «እናት ሀገር» የሚል ቃል ሰምቷል። አንደኛው ቃሉን ከውስጡ አውጥቶ ተናገረው፤ በሁለተኛው ላይ ጮኹበት።

«አፈሳ» የሚለውን ቃል ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ወጣት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ የሚፈራው ቃል ነበር። እህል ይታፈሳል፤ ሰው እንደ እህል መታፈሱን ግን ቋንቋችን ያን ጊዜ ለመደው። በየግድግዳው የሚነበበው መፈክር እናት ሀገርን ከሞት ጋር አጣምሮ ምርጫ ያስመስላቸው ነበር። የታፈሰ ልጅ ግን ምርጫ አልነበረውም። ሲወድቅም «ተሠዋ» ተባለ።

«ጤዛ»ን ከወጣቶቻችን ጋር ባየንበት ዕለት አንድ ወንድም ወታደሮቹ ወደ መንደሩ ሲገቡ ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው በረንዳ ላይ አገኘሁት። «መምህር፣ የእኛንም ቤት “ወንድማችሁ ተሠዋ” ብለው ነው ያረዱን» አለኝ። «እናቴ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ ማን ሠዋው? ትላለች።» መልስ አልነበረኝም። የዚህን ጽሑፍ ርእስ ከእኒያ እናት ነው የወሰድኩት።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህን ጥያቄ ከእኒያ እናት በፊት ጠይቆታል። 2ኛ ሳሙኤል 11ን አንብቡ። ኬጢያዊው ኦርዮ በትውልዱ የእስራኤል ሰው አይደለም፤ በታማኝነቱ ግን ከንጉሡ በላይ እስራኤላዊ ነው። ጓደኞቹ በሜዳ አድረው እኔ በቤቴ አልተኛም ያለ፣ ግዴታውን የሚያውቅ ወታደር ነው። ዳዊት የሞቱን ትእዛዝ በገዛ እጁ አስይዞ ወደ ግንባር ላከው። ዜናው ሲመጣ ኦርዮ ከሌሎች ሙታን ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቃለለ፤ ዳዊትም ሰይፍ ያገኘውን ይበላል ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። በዘመናችን ቢሆን «በጀግንነት ተሠዋ» የሚል መግለጫ ይወጣለት ነበር። እግዚአብሔር ግን ነቢዩ ናታንን ልኮ ሠዊውን በስሙ ጠራው፤ ያ ሰው አንተ ነህ አለው። ጥሩ የጦርነት ፊልም የናታንን ሥራ የሚሠራ ነው ብል አልተጋነንኩም።

«ጤዛ» ጉድለት የለበትም አልልም። ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ልጅነት ሲዘል አንዳንዶቻችሁ ትጠፋላችሁ። የተማሪዎቹ ክርክር አንዳንድ ጊዜ የሰው ንግግር ሳይሆን በራሪ ወረቀት ይመስላል። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ወታደሮቹ ናቸው። ልጆቹን ለማፈስ የሚመጡት ወታደሮች ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደወለዳቸው ፊልሙ ብዙም አይነግረንም። ከእነርሱም ስንቱ ትናንት ከሌላ መንደር የታፈሰ ነበር! ኃይሌ ለመንደሩ ልጆች ሁለት ዓይን ሰጥቶ ወታደሮቹን እንደ ድሮዎቹ ሠዓሊዎች በጎን ሣላቸው። ያን አንድ ዓይን ቢጨምርላቸው ኖሮ የተደበቀው ሠዊ ከእነርሱም በላይ መሆኑ ይበልጥ በታየ ነበር።

ሦስተኛው ፊልም ከሦስቱ በብዛት ያያችሁት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሜል ጊብሰን ያዘጋጀው «ሃክሶ ሪጅ»። የእውነተኛ ሰው ታሪክ ነው። ዴዝመንድ ዶስ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ አሜሪካዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሀገሩን ላገለግል ብሎ በፈቃዱ ገባ፤ መሣሪያ ግን አልይዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 በኦኪናዋ ደሴት በሕክምና ረዳትነት 75 ያህል ቁስለኞችን ከገደል ጫፍ በገመድ እያወረደ እንዳዳነ ይነገርለታል፤ የሀገሩን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይም ተቀበለ። ለጥያቄያችን ግልጽ መልስ ያለው ታሪክ ነው። ዶስን የሠዋው የለም፤ ራሱን ሰጠ። ሲሰጥም የሌላውን ሕይወት አልጨመረበትም።

በጉባኤዎቻችን ይህን ፊልም የምናሳየው ለዚህ ነው፤ ደግ እናደርጋለን። ሆኖም በሁለተኛው መለኪያ ስንመዝነው ይከብዳል። ጠመንጃ አልነካም ስላለ ሰው የተሠራው ፊልም ራሱ ጠመንጃን ይወዳል፤ ሲቃጠልና ሲበጣጠስ የምናየው ሥጋ ከጸሎቱ ይልቅ በዓይናችን ይቀራል። ጃፓናውያኑ ጩኸትና ጭስ ሆነው ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊት የላቸውም። አንድ ቦታ ግን አለ። ዶስ በዋሻ ውስጥ ከቆሰለ ጃፓናዊ ወታደር ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል። ለዚያች አፍታ ጠላት ሁለት ዓይን ያገኛል። ፊልሙን ደግማችሁ ስታዩ በዚያ ቦታ አቁሙትና ተነጋገሩበት።

አሁን ሁለቱን መለኪያዎች ወደ መስቀሉ እናምጣ። በዮሐንስ 11፥50 ቀያፋ ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብሎ መከረ። ቋንቋው የሀገር ፍቅር ቋንቋ ነው፤ ስለ ሕዝብ፣ ስለ ሀገር፣ ስለ መቅደስ ያሰበ ይመስላል። የሚሞተው ግን እሱ አይደለም። በዮሐንስ 10፥18 ደግሞ ጌታችን ነፍሱን ማንም እንደማይወስዳት፣ በራሱ ፈቃድ እንደሚያኖራት ይናገራል። ሞቱ አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ስለ እርሱ ተናገሩ። ቀያፋ ሌላውን ሠዋ። ኢየሱስ ራሱን ሠዋ። በሚሰቅሉት ወታደሮች ላይ ሁለት ዓይን አይቶም ይቅር እንዲባሉ ለመነ። ስለ ሀገር መሥዋዕትነት የሚናገር ፊልም፣ ዘፈን ወይም ስብከት በሰማችሁ ጊዜ የሚናገረው በቀያፋ ቦታ ነው ወይስ በክርስቶስ ቦታ? ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን ስል ወታደርነትን ማቃለሌ እንዳልሆነ አደራ። በሉቃስ 3፥14 ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ማንንም አትበድሉ፣ በደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ስለ ሌሎች ደኅንነት በፈቃዱ የቆመ ወታደር ክብር ይገባዋል። የምጠይቃችሁ ክብሩን ለእርሱ ሰጥታችሁ ጥያቄውን ለላከው እንድታቀርቡ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ የሲኒማ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሀገራችን ሰሜን የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ከዚያም ወዲህ ጥይት ያልተኮሰበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአንድ መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ወጣቶች ወንድሞቻቸው በተለያየ ጎራ ተሰልፈው ሊሆን ይችላል። አንደኛዋ «ጀግና» ያለችውን ሌላኛዋ «ጠላት» ትለዋለች። በስልካችን የሚዞሩት አጫጭር የጦርነት ቪዲዮዎች ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዓይን ይሥላሉ። በአንድ ጽዋ የሚካፈሉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሟች በጎን ማየት ከጀመሩ ቤተ ክርስቲያን ምን ቀራት?

የሀገር ልጅ መሆን የሚገለጠው በመግደል ብቻ አይደለም። የራሳችን ታሪክ ይህን ያሳያል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው እዚሁ ከተማችን ውስጥ በጣሊያን ጥይት ተገደሉ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ብሎ ቴአትር ጽፎላቸዋል። ከ43 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ሰዎች ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ከሀገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ በመከራ ቀን መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ወደ 10 ዓመት ገደማ ታስረዋል። ሁለቱም አገልጋዮች ሌላ ሰው አልሠዉም። በአንድ ቀን ልዩነት የሚውሉትን እነዚህን ሁለት ቀናት በወጣቶች ፕሮግራማችሁ ብታስቡአቸው መልካም ነው። ከመካከላችሁ ካሜራ የሚይዝ ካለም ለፊልም የሚሆን ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

«ጤዛ»ም የሚያልቀው በተኩስ አይደለም። አንበርብር በክራንቹ ተደግፎ በመንደሩ ትምህርት ቤት ልጆች ያስተምራል። መንደሩ ያገለላት፣ እናቱ ግን ያስጠጋቻት አዛኑ ልጅ ትወልዳለች። ለመንደሩ ያልሞተ ሰው ለመንደሩ መኖር ጀመረ። እኔ ይህን ከማንኛውም የድል ሰልፍ አስበልጣለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጦርነት ፊልም ስትመርጡ ሰዓቱን ለሁለት ክፈሉት፤ ለፊልሙም ለውይይቱም። ስታበቁ ሁለቱን ጥያቄዎች አንሡ፦ ማን ሠዋው? በጎን የቀረውስ ማን ነው? ከዚያ በመካከላችሁ ወንድም፣ አባት ወይም አጎት በጦርነት ያጣ ካለ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ የሟቹን ስም ይናገርና ስለ ቤተሰቡ ጸልዩ። ፈጥናችሁ «አሜን» ብላችሁ አትበተኑ። ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው የጠራውን ስም ደግማችሁ ጥሩለት።